የአንድ በር ገበያ፦ በምኩራብ ሰንበት የቀረበ አስተንትኖ



የዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሰንበት በግእዝ ሥርዓታችን ምኩራብ ተብሎ ይጠራል። በዚህ ዕለት የሚነበበው ወንጌል (ዮሐ. 2፥12-25) ጌታችን ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ በመቅደሱ ግቢ በሬ፣ በግና ርግብ የሚሸጡትን፣ ገንዘብ ለዋጮችንም ተቀምጠው እንዳገኛቸውና እንዳስወጣቸው ይተርክልናል። ይህን ወንጌል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰብከው ስለ ቤተ መቅደስ ክብርና ስለ ጸሎት ጸጥታ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ዘንድሮ ግን ብዙም ያልተመለከትነውን ሌላ ገጽታውን፣ ይኸውም የዚያን ገበያ አሠራር፣ ከእናንተ ጋር ልናስተነትን ወደድን። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ዶሮ፣ በግና በሬ አርብተው የሚኖሩ ቤተሰቦች በየጊዜው ወደ ቁምስናችን ይዘው የሚመጡት ጥያቄ ከዚሁ ወንጌል ጋር የሚገናኝ ሆኖ አግኝተነዋልና።

1. የድሃው ርግብ

ከገሊላ ወይም ከዚያ ራቅ ካለ አገር የሚመጣ ምእመን በሬውን ወይም በጉን ያን ሁሉ መንገድ እየነዳ መምጣት አይቀናውም። ለመሥዋዕት የሚቀርበው እንስሳ ነውር የሌለበት መሆን ነበረበት። የመቅደሱም ግብር በማንኛውም ገንዘብ አይከፈልም ነበር። ስለዚህ መንገደኛው ገንዘቡን እዚያው ይለውጣል፣ እንስሳውንም እዚያው ይገዛል። ርግብ ደግሞ የድሆች መሥዋዕት ነበረች፤ በግ ለማቅረብ አቅም ላነሰው ሰው ሁለት ዋኖሶች ወይም ሁለት የርግብ ጫጩቶች እንዲበቁለት ኦሪት ፈቅዳለች (ዘሌ. 5፥7)። እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍ ሕፃኑን ወደ መቅደስ በወሰዱት ጊዜ ያቀረቡት ይህንኑ የድሆች መሥዋዕት መሆኑን ቅዱስ ሉቃስ ነግሮናል (2፥24)።

እንግዲህ ልብ እንበል። ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደሚተርከው ጌታችን በሬዎቹንና በጎቹን በጅራፍ አስወጣ፣ የለዋጮችንም ገበታ ገለበጠ፤ በቃል ለይቶ የተናገራቸው ግን ርግብ ሻጮቹን ነው። ርግብ መሸጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ድሃው ወደሚፈልገው ነገር የሚደርስበት መንገድ በአንድ በር ብቻ ሲሆን፣ በዚያ በር ላይ የተቀመጠ ሰው የወደደውን ዋጋ ሊጠራ ይችላል፤ ድሃውም ከመክፈል ወይም ባዶ እጁን ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም። የአንድ በር ገበያ የምንለው ይህን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረውም ስለ ኩባንያ ትልቅነት ወይም ስለ ነጋዴ ባለጸግነት ሳይሆን ስለዚህ በር ነው።

2. የብዙ በር ገበያ

የበሩን ነገር ለማስረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከኮምቦልቻ ቁልቁል ወርደን በሰኞ ቀን ባቲ ገበያ ብንቆም የብዙ በር ገበያ ምን እንደሚመስል እናያለን። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይመጣል፤ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚመጣው ነጋዴ፣ ለበዓል የሚገዛው የቤት እመቤትና ለእርባታ የሚፈልገው ገበሬ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ደላላው ይዋሻል፣ ገዢው ይነታረካል፤ ይህን አንደብቅም። ሆኖም ባለ ፍየሉ ዋጋው ካልጣመው ፍየሉን ነድቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፍየሏ እስከሚቀጥለው ሰኞ ቅጠል እየበላች ትቆየዋለች። የነጻ ገበሬ ነጻነት ማለት በመጨረሻው ይኸው ነው፦ አልሸጥም ብሎ መመለስ መቻል።

ወሎ ይህን ነጻነት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ገበሬው የእርሻ በሬውን በማይረባ ዋጋ የሸጠው ሞኝ ስለሆነ አልነበረም። ሣርና ውሃ ስለጠፋ፣ በሬው ነገ እንደሚሞትበት ስላወቀ፣ ልጆቹም ዛሬ ስለራባቸው ነው። መጠበቅ የማይችል ሻጭ ዋጋ አይናገርም፤ የተባለውን ይቀበላል።

3. በሩ እንዴት ይጠብባል?

በአገራችን የከብቱ ባለቤት እስከ ዛሬ ድረስ ትንሹ ገበሬና አርብቶ አደሩ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጥናት በኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ያህል የቀንድ ከብት፣ 43 ሚሊዮን ያህል በግ፣ 52 ሚሊዮን ያህል ፍየልና 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮ መኖሩን ገምቷል። ከዶሮዎቹም ከአምስቱ አራቱ ያህል የሀበሻ ዶሮዎች ናቸው። ይህ ሁሉ ሀብት ተበታትኖ ያለው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጎጆዎች ደጃፍ ነው።

በሌላው ዓለም የሆነውን ግን ማወቅ ይጠቅመናል። በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በፊት አምስት ትልልቅ የሥጋ ኩባንያዎች ገበያውን ይዘውት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1921 አራጆችንና የከብት ገበያዎችን የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ። ጊዜ ሲያልፍ ግን በሩ እንደገና ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ አራቱ ትልልቅ አራጆች ለሥጋ ከሚደለቡት ከብቶች 36 ከመቶ ያህሉን ያርዱ ነበር፤ ዛሬ ታይሰን፣ ጄ.ቢ.ኤስ.፣ ካርጊልና ናሽናል ቢፍ የተባሉት አራት ኩባንያዎች 85 ከመቶ ያህሉን ያርዳሉ። በዚያው አገር አሳማ የሚያረቡ እርሻዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ከ600 ሺህ በላይ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የቀሩት ወደ 60 ሺህ ገደማ ናቸው። የእንስሳቱ ቁጥር አልቀነሰም፤ የቀነሰው የገበሬው ቁጥር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ልናስተውለው የሚገባን ግን የዶሮው ነገር ነው። በዚያ አገር ለሥጋ የሚሆኑት ዶሮዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያድጉት በውል ነው። ጫጩቱ የኩባንያው ነው፤ መኖውና መድኃኒቱም የኩባንያው ነው። የገበሬው ድርሻ ቤቱ፣ መብራቱ፣ ጉልበቱና ቤቱን ለመሥራት የተበደረው ዕዳ ነው። ያሳደገውን የሚረከበው ኩባንያው ብቻ ነው፤ ክፍያውም ብዙውን ጊዜ ከጎረቤቶቹ ውጤት ጋር እየተነጻጸረ ይወሰናል። ገበሬው መሬቱን አልተቀማም፤ በገዛ ግቢው ውስጥ ግን የሌላ ሰው ሠራተኛ ሆኗል። አባቶቻችን ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ጭሰኛ መሆን ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ያኔ ጭሰኛው የሚያርሰው የሌላ ሰው መሬት ነበር። መሬቱ የራሱ ሆኖ ሳለ በዶሮው ጭሰኛ የሆነ ሰው ግን ለኛ አዲስ ነገር ነው።

4. በሩ በኛ አገር ያለው የት ነው?

በአገራችን በሩ ያለው በከብቱ ባለቤትነት ላይ አይደለም፤ ከብቱ ከመወለዱ በፊትና ካደገ በኋላ በሚያልፍባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቄራው ነው። በኮምቦልቻና በሌሎች ከተሞች የሚገኙት የሥጋ ፋብሪካዎች በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ነበሩ። መንግሥት ድርጅቶቹን ወደ ግል ሲያዛውር እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው ኤልፎራ አግሮ ኢንዱስትሪ ስምንት የእርሻና የእርሻ ውጤት ድርጅቶችን ገዛ፤ የኮምቦልቻውም በዚሁ በሚድሮክ ጥላ ሥር ገባ። ወደ ውጭ ሥጋ የሚልኩት ሌሎች ቄራዎች ደግሞ በብዛት የተሰበሰቡት በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በባቱ አካባቢ ነው። እንዲህ ሲሆን የወሎው አርቢ ከብቱ ወደ ውጭ ገበያ እንዲደርስ የሚያልፍባቸው እጆች ይበዛሉ፤ የሚያልፍባቸው በሮች ግን ያንሳሉ።

ሁለተኛው ጫጩቱ ነው። በኮምቦልቻ የመንግሥት የዶሮ ብዜትና ማከፋፈያ ማዕከል ለረጅም ዓመታት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በመቀሌ ሥራውን የጀመረው ኢትዮ ቺክን የአንድ ቀን ጫጩት ለአሳዳጊ ወኪሎች፣ ወኪሎቹም ያደገውን ለገበሬው እንዲሸጡ በማድረግ የሳሶን ዝርያ በአገሪቱ አሰራጭቷል። መንግሥትም በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለውን መርሐ ግብር ከጀመረ ወዲህ የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት ወደ ብዙ ቤት ገብቷል። ይህ በጎ ሥራ መሆኑን መመስከር ይገባናል። የተከተበ ጫጩት ያገኘች እናት በፈንግል ዶሮዎቿ ሁሉ በአንድ ሳምንት ሲያልቁባት ከነበረችበት ዘመን ተሻግራለች፤ ሕፃናትም እንቁላል ይበላሉ። ነገር ግን የሀበሻዋ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ራሷን ትተካለች። የተዳቀለችው ዶሮ በአብዛኛው አትታቀፍም፤ ብትፈለፍልም ልጆቿ እንደ እናታቸው አይሆኑም። ስለዚህ ገበሬዋ በየዙሩ ወደ ሻጩ መመለስ አለባት። ሻጮቹ ብዙ ከሆኑ ጥሩ ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ ግን የጫጩቱን ዋጋም ሆነ የሚመጣበትን ቀን የሚወስነው እርሱ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የጠበበው በር መኖው ነው። ከዱቄት ፋብሪካ የሚወጣው ፉርሽካ፣ ከዘይት መጭመቂያ የሚወጣው ፋጉሎ፣ ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው አተላ ገበሬው በራሱ ማሳ የማያበቅላቸው ነገሮች ናቸው። በጅምላ የሚገዛው ባለ ብዙ ገንዘብ ነው፤ የቀረውን በኪሎ የሚገዛው ድሃው ነው። የባቲው ፍየል እስከሚቀጥለው ሰኞ ትጠብቃለች ብለናል፤ በመኖ የምታድግ ዶሮ ግን አትጠብቅም። በየቀኑ ትበላለች፤ ያልተሸጠችበት እያንዳንዱ ቀን ለባለቤቷ ኪሳራ ነው። ስለዚህ በመኖ የሚያረባ ገበሬ፣ ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም፣ ሁልጊዜ መጠበቅ የማይችል ሻጭ ነው። ኩባንያውም ክፉ ልብ ባይኖረው እንኳ አሠራሩ ራሱ ኃይሉን ለአንደኛው ወገን ያደላል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው፤ እባካችሁ ያዙልን።

5. አንድ መምህር ያቀረበልን ጥያቄ

ይህን ሁሉ ያስተማረን መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ሰው ነው። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር የሚያገለግል የትምህርተ ክርስቶስ መምህር አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቆይቶ አማከረን። እርሱና አምስት የመንደሩ ወጣቶች፣ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም፣ ተደራጅተው ዶሮ ሊያረቡ አስበዋል። አንድ ነጋዴ ጫጩቱንና መኖውን በዱቤ ሊያቀርብላቸው፣ ያደገውንም እርሱ ብቻ ሊረከባቸው ተስማምቷል። የዶሮውን ቤት ግን በብድር ገንዘብ የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። "አባ፣ እንፈርም ወይ?" አለን።

እኛም ወረቀቱን ሳናነብ ሥራ መፍጠር መልካም ነው፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ ብለን ሸኘነው። ይህን በኃፍረት እንጽፋለን። የሰው ዕዳ የሚመዘገብበትን ወረቀት ሳያዩ መባረክ የእረኛ ሥራ አይደለም።

የእኛን ስሕተት ያረሙት የመንደሩ የቅሬ ዳኛ የሆኑ ሙስሊም አዛውንት ናቸው። ወጣቶቹ የቅሬውን አባላት ዋስ እንዲሆኑላቸው በጠየቁ ጊዜ ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ልጄ፣ ዶሮዋ ብትሞት የማን ናት? ብትኖርስ የማን ናት?" መምህሩ ወረቀቱን መለስ ብሎ ቢያነብ፣ ስትሞት ኪሳራው የወጣቶቹ፣ ስትኖር ግን ዋጋዋን የሚቆርጠው ነጋዴው ሆኖ አገኘው። ሽማግሌውም፣ ስትሞት የናንተ፣ ስትኖር የሱ የሆነች ዶሮ ዶሮ ሳትሆን ዕዳ ናት አሉ።

ከዚያ በኋላ ከመምህሩ ጋር ተቀምጠን አራት ጥያቄዎችን በጽሑፍ አወጣን። አንደኛ፣ መኖውን ከሌላ ቦታ በተሻለ ዋጋ ብናገኝ መግዛት እንችላለን ወይ? ሁለተኛ፣ ጫጩቶቹ ሳንጋፋቸው በበሽታ ቢያልቁ ኪሳራውን ማን ይሸከማል? ሦስተኛ፣ ሚዛኑን ማን ይይዛል፣ ዋጋውስ የሚቆረጠው ጫጩቱ ሲሰጠን ነው ወይስ ካደገ በኋላ? አራተኛ፣ የቤቱ ብድር ለስንት ዓመት ነው፣ ውሉስ ለስንት ጊዜ ነው? ይህ የመጨረሻው በተለይ ይታሰብበት። ብድሩ ለዓመታት፣ ውሉ ግን ለአንድ ዙር ብቻ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል የተባለውን ሁሉ ይቀበላል።

ነጋዴው ሁለቱን ተቀበለ፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞቱትን ሊተካ፣ ሚዛኑም በሁለቱም ወገን ፊት እንዲሆን ተስማማ። መኖ ከሌላ መግዛትንና የውሉን ዘመን ማስረዘምን ግን አልተቀበለም። ወጣቶቹም ብድሩን ትተው በእጃቸው ባለው ጥቂት ገንዘብ በአነስተኛ ቁጥር ጀመሩ፤ ያደገ ጫጩት ከወኪል እየገዙ፣ እንቁላሉን በኮምቦልቻና በደሴ ገበያ እየሸጡ ነው። ትርፋቸው ጥቂት ነው። ከስድስቱ ሁለቱ ይህ አያኖረንም ብለው ሥራውን ትተዋል። ምክራችን ትክክል ነበርን? ብድሩን ወስደው ቢሆን ይሻላቸው ነበርን? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ በጸሎታችን ፊት እናቀርበዋለን። የቀሩት አራቱ ግን ዕዳ የለባቸውም፤ ዋጋ ሲበላሽም ዶሮዎቹን ሸጠው ማረፍ እንደሚችሉ ያውቃሉ።

6. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

ይህ የዓለማውያን ጉዳይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያንን ምን አገባት የሚል ቢኖር፣ የቅድስት ቤተ ክርስቲያንን ማኅበራዊ ትምህርት መለስ ብሎ ይመልከት። ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ሬሩም ኖቫሩም በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ሠራተኛው ተገቢ ደመወዝ የማግኘትና በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳለው አስተምረዋል። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 የኢኮኖሚ ኃይል በጥቂቶች እጅ መከማቸቱን በግልጽ ተቃውመዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 ማቴር ኤት ማጂስትራ በተባለው መልእክታቸው ለገበሬው ሰፊ ክፍል ሰጥተው የቤተሰብ እርሻንና የገበሬ ኅብረት ሥራን ደግፈዋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015፣ የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከታችን በተመሠረተበት በዚያው ዓመት፣ ላውዳቶ ሲ በተባለው መልእክታቸው (ቁ. 129) ትንንሽ አምራቾች ከትልልቆቹ ጋር መወዳደር እያቃታቸው መሬታቸውን ለመሸጥ እንደሚገደዱ፣ መንግሥታትም እነርሱን የመደገፍ መብትና ኃላፊነት እንዳለባቸው አስገንዝበዋል። ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛም እ.ኤ.አ. በ2025 ሲመረጡ ይህን ስም የወሰዱት በተለይ ሊዮ 13ኛን በማሰብ መሆኑን ገልጸዋል።

ቤተ ክርስቲያን ግን ባለጸጋውን አትጠላም፤ ለነፍሱ ትሠጋለታለች እንጂ። ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን ምሳሌ እናስታውስ (2ኛ ሳሙ. 12፥1-7)። ብዙ በግና ላም የነበረው ባለጸጋ እንግዳ ሲመጣበት ከራሱ መንጋ ማረድ ሳስቶ፣ የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ አረደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ ተቆጣ፤ ምሳሌው ስለ ራሱ እንደሆነ ግን አላወቀም። ብዙዎቻችን እንደ ዳዊት ነን። ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች ሲነገር እንቆጣለን፤ እኛ ራሳችን ግን ፉርሽካ አከማችተን ዋጋ እስኪወጣ እንጠብቃለን፤ ለበዓል ዶሮ ስንገዛ ገበሬዋ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣት ስትቸኩል አይተን ዋጋ እንሰብራለን፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሹም ሆነን መኖውን ለዘመዶቻችን እናስቀድማለን። ትንሽ በር የያዘም በረኛ ነው፤ እንደ ትልቁ በረኛም ይጠየቃል።

7. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ጌታችን መቅደሱን ካጸዳ በኋላ ምልክት ሲጠይቁት፣ ስለ ሰውነቱ ቤተ መቅደስ፣ ስለ ትንሣኤው ተናገረ። መቅደሱ ከድንጋይ ብቻ ያልታነጸ ከሆነ፣ የድሃው ሰውነትና ኑሮም የተቀደሰ ስፍራ ነው። ስለዚህ በዚህ ጾም በየቁምስናችን የሚከተሉትን እንድንፈጽም በትሕትና እናሳስባለን።

በመጀመሪያ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ማንበብና መጻፍ የምትችሉ እንደመሆናችሁ፣ በመንደራችሁ ማንም ገበሬ ያላነበበውን ወይም ያልተነበበለትን ውል እንዳይፈርም አግዙት። ክርስቲያን ነው፣ ሙስሊም ነው አትበሉ። አራቱን ጥያቄዎች በቃላችሁ ያዙ። አገራችን በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውልን የሚመለከት አዋጅ አውጥታለች፤ ከዚያም በፊት በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 813/2006) የገበያ የበላይነትን ያለ አግባብ መጠቀምን ከልክሎ ነበር። ሕግ መኖሩን የማያውቅ ሰው በሕግ አይጠበቅም።

ሁለተኛ፣ መኖን በጋራ እንግዛ። በወሎ ቅሬ የሌለው መንደር የለም። ቅሬ የሞተውን ሃይማኖት ሳይለይ በክብር የሚቀብር ማኅበር ነው። ሙታንን በኅብረት መሸኘት ከቻልን፣ ሕያዋንን የሚመግብ ፉርሽካና ፋጉሎ በኅብረት መግዛት የሚያቅተን ለምንድነው? አባቶቻችን አንድ በሬ ያለው ከአንድ በሬ ካለው ጋር በመቀናጆ ያርሱ ነበር፤ ከብት ያለውም ለሌለው በርቢ ሰጥቶ ጥጃውን ይካፈሉ ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበር ከባዕድ የመጣ ነገር አይደለም፤ መቀናጆ ደንብና መዝገብ ሲኖረው ነው። ያለ መዝገብና ያለ ቁጥጥር ግን የጥቂቶች መጠቀሚያ ይሆናል፤ ይህንንም በደርግ ዘመን አይተነዋል።

ሦስተኛ፣ የተሻሻለችውን ዶሮ ስንቀበል የሀበሻዋን አንጣላት። ሁለት ሦስት ታቃፊ ዶሮዎች በግቢ ውስጥ መኖራቸው ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ሁለተኛ በር ነው። ጫጩት ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲንር፣ ወይም በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር በደሴና በኮምቦልቻ ላይ እንደደረሰው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ ከሻጭ እጅ ሳትጠብቅ ራሷን የምትተካው እርሷ ናት።

አራተኛ፣ በነጋዴነት፣ በወኪልነትና በኩባንያ ሠራተኛነት ያላችሁ ምእመናን፣ ሥራችሁ ክቡር ነው። ለመቅደሱ በር ቅርብ የተቀመጣችሁ እናንተ ናችሁ። ንስሐ ስትገቡ ሰረቅሁ ወይ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ሌላ መሄጃ እንደሌለው አውቄ ዋጋ ቆረጥሁበት ወይ ብላችሁም ጠይቁ።

በመጨረሻም፣ ሁላችን ለፋሲካ ዶሮና በግ ልንገዛ ወደ ገበያ እንወርዳለን። ጾማችን ከሥጋ መከልከል ብቻ አይሁን። በደሴ ሰኞ ገበያ ወይም በኮምቦልቻ ገበያ ከፊታችን ዶሮ ታቅፋ የምትቆም እናት መኖ ምን ያህል እንደገዛች እንጠይቃት፤ ተገቢውንም ዋጋ እንክፈላት። ርግብ ይዘው ወደ መቅደስ የገቡት የጌታ እናትና ጠባቂው ዮሴፍም በአንድ ወቅት በእንዲህ ዓይነት ገበያ ፊት ቆመው ነበርና።

መቅደሱን ያነጻ ጌታ ልባችንንና ገበያችንን ያንጻልን። ድሃ ያለ ኃፍረት የሚገባበት፣ ያለ ዕዳም የሚወጣበትን በር እንድንከፍት ጸጋውን ያድለን። የእመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን። አሜን።